በዐረብኛ በኩል የተማርኩት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ የተማርኩት በሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው፤ ያውም ለዐረቦች ከተጻፈ መጽሐፍ። ከላሊበላ ወጥቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ስሄድ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛዬ ከወንበር ተነሥቶ መምህሩን ‹ጉድ ሞርኒንግ› ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር። ዐረብኛ ደግሞ አንድም ቃል አላውቅም።

ዐረብኛውን ያስተማረኝ ትእዛዝ ነው። ‹ጂቢ› አምጪ ነው። ‹ሩሒ› ሂጂ፣ ‹ተዓሊ› ነዪ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እመቤቲቱ ቃሉን ብላ፣ በጣቷ ጠቁማ፣ ካልገባኝም ዕቃውን ራሷ አንሥታ ከፊቴ ታስቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ዓመት አፏን ስትከፍት ገብቶኝ እነሣ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት በዐረብኛ አልም ነበር፤ ሕልሙም ቢሆን ዕቃ ማጠብ ነበር።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ውጭ አገር ሄዳ ለመማር ከባድ የእንግሊዝኛ ፈተና ነበረባት። ለዚያ ፈተና የተዘጋጀ ወፍራም መጽሐፍ ገዝታለች፤ በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል የዐረብኛ ፍቺው። ውስጡ ያሉት ቃላት ሰው ገበያ ላይ የሚነጋገርባቸው አይደሉም፤ የተማሩ ሰዎች ሲጽፉ የሚመርጧቸው ናቸው። እህቶቿ ሊያስጠኗት ስላልፈለጉ መጽሐፉን ይዛ ወጥ ቤት መጣች።

«አንቺ ዐረብኛውን ጥሪልኝ፤ እኔ እንግሊዝኛውን እላለሁ» አለችኝ።

«ዐረብኛ ማንበብ አልችልም።»

«አስተምርሻለሁ።»

ለእኔ አዝና አልነበረም። የሚጠይቃት ሰው ስለሚያስፈልጋት ነበር። ቢሆንም ፊደሉን በሁለት ወር አስያዘችኝ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ መጽሐፉ ከውሃ ራቅ ብሎ በዘይት ጠርሙስ ተደግፎ፣ ቃል እጠራለሁ፤ እሷ ትመልሳለች። ስትሳሳት አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፏል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳላስበው እንግሊዝኛውም ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አንድ ቀን ‹ደቂቅ› የሚል ፍቺ ላይ ደረስን። ይህን ቃል ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ በማነሣው የዱቄት ከረጢት ላይ በትልቁ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ‹ሜቲኩለስ› ነው። ዱቄት በእንግሊዝኛ ‹ሜቲኩለስ› ይባላል ብዬ ያዝኩ። ዳቦ ባቦካሁ ቁጥር ለብቻዬ እለው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ለዱቄት ይህን ያህል ረጅም ስም ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቃት ልጅቱ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቃሉ ዱቄትም ነው፤ ነገርን ሁሉ አጥርቶ፣ ጥቃቅኑን ሳይዘነጋ የሚሠራ ሰውም ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ደቂቅ ማለት በጣም ትንሽ ማለት ነው ብዬ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። መሳቋን አልጨረሰችም ነበር።

ፈተናውን አለፈች፤ ሄደች። መጽሐፉን «ጣይው» ብላኝ ነበር። አልጣልኩትም። ሻንጣዬ ታች፣ ልብሶቼ ሥር አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ማንም ሳያየኝ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ዘለቅኩት። አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ላሊበላ የእንግዳ አገር ናት፤ ሆቴሉ ብዙ ነው። እንግሊዝኛም ዐረብኛም የምታውቅ ሴት እንግዳ መቀበያው ላይ ብትቀመጥ ማን ይጠላል? በሐሳቤ ወንበሩን ሁሉ አየው ነበር፤ የሚሽከረከር፣ ጥቁር።

ስመለስ ጦርነቱ መጥቶ ሄዷል። ሆቴሎቹ ቆመዋል፤ መጋረጃቸው ግን ተዘግቷል። የአንዳንዶቹ በር ላይ ያለው ዘበኛ እንኳ ለመጠበቅ ሳይሆን ለመቀመጥ የመጣ ይመስል ነበር። ያረፍኩት እህቴ ቤት ነው። እህቴ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኖቹ መግቢያ አጠገብ መስቀልና ነጠላ ለእንግዶች ትሸጥ ነበር፤ አሁን እዚያው ቦታ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትደረድራለች። ባሏ አስጎብኚ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ እየመራ ያን ድንጋይ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ ታላቄ ነው፤ እንደ ወንድምም አሳድጎኛል። አሁንም በየጠዋቱ ጫማውን ይጠርጋል፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ አደባባዩ ላይ ከሌሎች አስጎብኚዎች ጋር ይቀመጣል፣ ለምሳ ይመለሳል። ምሳ እየበላ ስለ ሥራ የሚጠይቀው አልነበረም። እህቴ መጠየቁን ትታው ነበር።

መጽሐፉን ያገኘው እሱ ነው። ሻንጣዬን ስፈታ አየው፣ አነሣው፣ ወደ ብርሃኑ ወጣ ብሎ ገለጠው።

«ይሄን ሁሉ ታውቂዋለሽ?»

«አዎ።»

«‹ኢንኤቪተብል›?»

«ሐትሚ» አልኩ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ዐረብኛው ነዋ።»

«በአማርኛስ?»

የማውቀው ነገር ነው፤ ግን በአማርኛ አስቤው አላውቅም። እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ «ይሄ... የማይቀር፣ ብትሮጥ የማታመልጠው» አልኩት።

«አይቀሬ!» አለና ሳቀ። እህቴ ሳቁን ሰምታ እጇን እያደራረቀች ከውስጥ ወጣች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ቆማ አየችው። ለካ ብዙ ጊዜ አልሳቀም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ እንቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ያስተካከለው አፌን ነው። ያቺ ልጅ ‹ፐ› ማለት ስለማትችል ሁሉንም በ‹በ› ነበር የምታወርደው፤ እኔም ከእሷ የሰማሁትን ይዤ መጥቻለሁ።

«‹ብሊዝ› አይባልም» አለኝ። «‹ፕሊዝ› ነው።»

«እሷ እንዲያ ነበር የምትለው።»

«እሷ ዐረብ ናት፤ ልማዷ ነው። አንቺ የላስታ ልጅ ምን አስቸገረሽ? እስቲ ፖሊስ በይ።»

«ፖሊስ።»

«ይኸው! ፖሊስ ያለ አፍ ፕሊዝ ማለት ምን ያቅተዋል?»

ግን አቃተኝ። ስጠነቀቅ ይወጣል፤ ስደነግጥ ‹በ› ይሆናል።

ቀጥለን ሦስተኛ ዐምድ ሠራን። በእንግሊዝኛውና በዐረብኛው መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ አማርኛውን በእርሳስ መጻፍ ያዝን። አንዳንዱ ቃል አንድ ቀን ይፈጅብን ነበር። አባታችን ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ካለው ቀያችን ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ ቤት ጎራ ይላል፤ የከበደንን ለእሱ እናቆይለታለን። ፊደል የቆጠረው ዳዊት እስኪደግም ብቻ ነው፤ ግን ያልተቀላቀለ አማርኛ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

«አባዬ» አልኩት አንድ ቅዳሜ፣ «ሰው እምቢም ሳይል፣ ደስ ብሎትም ሳይሄድ፣ እግሩን ሲጎትት ምን ይባላል?»

«ያቅማማል ይባላል» አለ ወዲያው። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ምነው፣ ማነው የሚያቅማማው?»

«ማንም አባዬ፣ የመጽሐፍ ነው።»

«እ፣ የመጽሐፍ ከሆነ ደግ» አለ።

ያን ቀን ‹ሰብሳይድ› ለሚለውም፣ ነፋሱ ኃይሉን ሲቀንስ «ጋብ አለ» ነው ብሎን ሄደ። እኔና ጋሼ እንደ ትልቅ ነገር ነበር የጻፍነው። ስለዚያ ጊዜ ሳስብ፣ ደስ የሚል ነገር ነበረው ማለት ይከብደኛል፤ ነበረው ግን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ፣ «ውለታሽን ልመልስ ብል የለኝም፤ ይልቅ አንቺ ጨምሪልኝ» አለኝ። «ዐረብኛም አስተምሪኝ።»

የዐረብ እንግዳ ሊያስጎበኝ የፈለገ መስሎኝ ደስ አለኝ። «መቼ መጥተው ያውቃሉ?» አልኩት።

«እነሱ አይመጡም። እኔ ነኝ የምሄደው።»

እርሳሱን አስቀመጥኩ። በባሕሩ በኩል ሰው እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። «እኔ ሄጄ ያየሁትን ነግሬህ የለም?»

«ነግረሽኛል። ግን አንቺ ሄደሽ መጥተሻል።»

«ምን ይዤ መጣሁ?»

መጽሐፉን አየ። እኔም አላስተምርም አልኩት፤ ለጊዜው ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ ሆቴል ሊከፈት ነው ተባለ። ተሳላሚው በእግሩም በመኪናም እየጎረፈ ነበር፤ የውጭ እንግዳም ጥቂት ጥቂት ይታያል። ጋሼ ሥራ አስኪያጁን ያውቀዋል፤ ለምኖ ለፈተና አስገባኝ። ሌሊቱን ቃል ስደግም አደርኩ ብል አልዋሽም። የእህቴን ጫማ አድርጌ ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ትሁት ሰው ነበር። ተቀመጪ አለኝና በእንግሊዝኛ ጀመረ። አንድ እንግዳ መጥቶ «መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ‹ታወል› የለም፣ የአልጋው ‹ፒሎው› አይመችም» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? አለኝ።

‹ታወል› ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ‹ፒሎው›ንም አላወቅኩም። እንግዳው አንድ ነገር እንደጎደለውና እንደተከፋ ብቻ ገብቶኛል። መጽሐፌ ውስጥ የመከፋት ቃል ሞልቷል፤ ከሁሉ ከበድ ያለውን መረጥኩ። «ሰር፣ ዚስ ኢዝ ዲብሎረብል» አልኩት፤ ‹ፐ›ዬም እዚያው ጠፋች። በአማርኛ ቢሆን፣ «ጌታዬ፣ ይህ እጅግ አሳዛኝና አሳፋሪ ነው» ማለቴ ነበር።

ሰውየው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ አማርኛ ተመለሰ። «እንግሊዝኛሽ ከእኔም ይበልጣል» አለኝ። «ግን እህቴ፣ እንግዳ የሚጠይቀው ፎጣና ትራስ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቤቱ ዕቃ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የተጻፈው ፎጣንና ትራስን በልጅነታቸው ለጨረሱ ሰዎች ነው። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ፎጣ አጥቤ ትራስ ደርድሬ ስማቸውን የማውቀው በዐረብኛ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አላባረረኝም። «ለጊዜው ልብስ እጥበቱ ላይ ሁኚ፤ እንግዳ ሲበዛ እዚህ እናመጣሻለን» አለኝ። ገባሁ። አምስት ሳምንት አንሶላ አጠብኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ጥቂት እንግዶች አግኝቶ ሠራ፤ አንድ ጊዜም ከእጥበቱ ጓሮ በኩል ሲያልፍ ክንዴ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ሆኖ አየኝ። ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ እንደገና ተኩስ ተሰማ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ቀረ። ሆቴሉ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ በመጨረሻው ቀን የቀሩትን አንሶላዎች ከእኔ ጋር አጥፎ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ጋሼ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለው። አደባባዩ ላይም አልወጣም። በረንዳው ላይ ከጎኔ ተቀመጠና፣ «አየሽ» አለኝ፣ «አንቺ ያን ሁሉ ቃል ይዘሽ አንሶላ አጠብሽ። እኔ ሃያ ዓመት ያወራሁበት አፍ አሁን ለማን ያወራል? ብታስተምሪኝም እሄዳለሁ፣ ባታስተምሪኝም እሄዳለሁ። ዲዳ ሆኜ እንድሄድ ነው የምትፈልጊው?»

አስተማርኩት።

ችግር ነበረው። እኔ የማውቀው ዐረብኛ ለሴት የሚነገረውን ነው። ሰባት ዓመት ማንም «ሂድ» ብሎኝ አያውቅም። ‹ሩሒ› የሚለውን ‹ሩሕ› እያልኩ፣ ‹ጂቢ›ን ‹ጂብ› እያልኩ ለወንድ ላደርገው እሞክራለሁ፤ አፌ ግን ወደ ለመደው ይመለሳል፤ እሱም የእኔን ሴትኛ ይይዛል። መልስ ብዬ የማውቀው ደግሞ ‹ሓድር› ነው፤ እሺ፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። አንድ ቀን፣ «እምቢ እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። ማሰብ ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ብዬው አላውቅም።

እህቴ ታውቅ ነበር። ነግሯታል፤ አልቅሳለች፤ አባታችንን አስመጥታ አስለምናለች። አባዬ ዱላውን ይዞ ብዙ ተቀምጦ፣ «ልጄ፣ እርሻው እንኳ ቢያንስ፣ ና ከእኔ ጋር እረስ» አለው። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ፣ «መሬቱ ለእርስዎም አልበቃ አባቴ» አለ። እኔ ያን ሁሉ እያየሁ ትምህርቱን አላቆምኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከቀኑ ውስጥ የማውቀውን ነገር ሰው የሚፈልግበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር። ይህን ለእህቴ ነግሬያት አላውቅም።

መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ጠዋት በኩልመስክ በኩል በሚወርድ መኪና ሄደ። ልጆቹን ሳመ፤ የእህቴን እጅ ብዙ ያዘ፤ እኔን «‹ሓድር›» ብሎኝ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ሦስት ጊዜ ደወለ። አንዱን ከበረሃ ከተማ፣ አንዱን ከባሕሩ ዳር። ሦስተኛው ባሕሩን ተሻግሮ ነው። ድምፁ ደርቋል፤ ነፋስ ይሰማል።

«ዐረብኛሽ ሠራ» አለኝ። «ውሃ ለመንኩ። ሰውየውን ‹ጂቢ› ብዬው ሁሉም ሳቁብኝ። ግን ሰጡኝ።»

«‹ጂብ› ነው ጋሼ» አልኩት። «ለወንድ ‹ጂብ›።»

«እሺ መምህር» አለ። እህቴ ታናግርህ ብዬ ስልኩን አቀበልኳት፤ ጥቂት ተነጋግረው ተቆረጠ። ወደ ሰሜን በተራራ ሊሄዱ እንደሆነ ብቻ ነገራት። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ሁለተኛው ክረምት አልፏል።

ከዚያ አገር የተጠረዘ አንድ ሰው ኩልመስክ ገብቷል ሲባል እህቴና እኔ ሄድን። ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ከእናቱ ቤት በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የጋሼን ፎቶ ሰጠችው፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ነው ነቅላ የወሰደችው። ብዙ አየው።

«ታስረን እያለን አንድ እንግሊዝኛ የሚያወራ ትልቅ ሰው ነበር» አለ።

«እሱ ነው» አለች እህቴ።

«እንጃ እናቴ። ጢም ነበረው። ብዙ ሰው ነበርን፤ ክፍሉ ጨለማ ነው። እሱ ነው ብልሽ እዋሻለሁ።»

«ደህና ነበር?»

ልጁ መሬቱን አየ። «እኔ ስወጣ እዚያው ነበር» አለ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አላወራችኝም። ቤትም ገብተን፣ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው ከማለት በቀር ሁለት ወር አላወራችኝም። አንድ ቀን ቲማቲሟን እየለየች፣ ቀና ሳትል፣ «ቃሉን ባትሰጪው አይሄድም ነበር» አለች።

«ይሄድ ነበር እታለም።»

«ይሄድ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ አንቺን እንዲህ አላይሽም ነበር።»

አሁን ሰዎች ለዐረብኛ ይመጡብኛል። ልትሄድ ያሰበች ሁሉ ወሬውን ሰምታለች፤ ወንዶችም አሉ። መጀመሪያ ላይ እመልሳቸው ነበር። ሄደው ሌላ፣ ከእኔ ያነሰ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሲማሩ ሳይ ተውኩት። ከመጀመሬ በፊት ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ የጋሼንም ነገር እነግራቸዋለሁ። ንግግሬን እስክጨርስ በጨዋነት ይጠብቁኛል፤ ከዚያ ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ለእንግሊዝኛ የመጣ አንድም ሰው የለም። እኔም አልገልጠውም፤ ከያዝኩት ቃል ግማሹ ሳይጠፋ አልቀረም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጃገረዶቹን በረንዳው ላይ ቁጥር ሳስቆጥር እህቴ ከገበያ ገባች። ዘንቢሏን አስቀመጠች፤ ከኋላ ካለችው ልጅ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔንም አስቆጥሪኝ» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ «እሱን ፍለጋ ነው?» አልኳት።

«እሱን ፍለጋም ነው። ደግሞ ሽንኩርቱን ማን ይገዛኛል?»

«ልጆቹስ?»

«አንቺ አለሽላቸው» አለችና ዘንቢሏን አንሥታ ገባች።

በማግስቱ ከትልቁ ልጇ አንድ አሮጌ ደብተር ተቀብላ መጣች። ከሁሉም ቶሎ የምትይዘው እሷ ናት። ቁጥሩን በአራት ቀን ጨረሰች፤ አሁን የወጥ ቤት ዕቃ ላይ ደርሳለች፤ ድስት፣ ማንኪያ፣ ፎጣ፣ ቢላ። ስትሳሳት አርማታለሁ። ለሴት የሚባለው የሚሆናት ስለሆነ የምቀይርላት ነገር የለም።